በፉርጎ የመጣው ድንጋይ

ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ከነፋስ ጋር መላመድ ግዴታው ነው። ከሰዓት በኋላ ከኮዬ ፈጬ በኩል የሚነሳው ነፋስ በበረንዳው ይገባና የመግቢያውን በር ጓ አድርጎ ይዘጋዋል። ስለዚህ በሩን የምናስደግፍበት ድንጋይ አለን። የሁለት ኪሎ ስኳር ያህል የሚከብድ፣ ነጭና ጥቁር መስመር በየተራ የተጋደመበት ድንጋይ ነው። አብራኝ የኖረችው ታላቅ እህቴ ጥሩነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቤት ስትጠርግ በእግሯ ገፋ እያደረገች «ይሄን ጉድ የምትጥለው መቼ ነው?» ትለኝ ነበር። አልጣልኩትም።

ባለፈው ወር በእሷ ለቅሶ በሦስተኛው ቀን ከድር መጣ። ያንን ሁሉ ደረጃ በከዘራ ወጥቶ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «አላህ ያጽናህ ግርማ» አለኝና በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከድር የልጅነት ጓደኛዬ ነው። እንዲህ ብዬ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሰባውን ካለፍኩ በኋላ ማንን ልዋሽ? በዕድሜዬ ሙሉ እንደ ከድር የቀናሁበት ሰው የለም። ሌላው ቀርቶ ቧንቧ ስከፍት እንኳ እቀናበታለሁ፤ የአቃቂን የጉድጓድ ውሃ ፈልገው ካስቆፈሩት ባለሙያዎች አንዱ እሱ ነውና። ደግነቱ ውሃው በሦስት ቀን አንዴ ብቻ ስለሚመጣ ቅናቴም በመሃል እረፍት ያገኛል።

ጥቂት እንደተቀመጠ ዓይኑ ድንጋዩ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብሎ አነሳው። ልክ እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፈነና መዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው። እኔ በዚያች ደቂቃ ለቅሶ ላይ መሆኔን ረሳሁት። የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ አቃቂ የባቡር ድልድይ ሥር ቆምኩ።

የዛሬን አያድርገውና በጃንሆይ ጊዜ አቃቂ ከከተማ ወጣ ያለች፣ ፋብሪካና ባቡር የሚያስተዳድሯት ቦታ ነበረች። ጠዋት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮኽ ግማሹ ሰፈር ይነሳል፤ ባቡሩ ሲያፏጭ ደግሞ ግማሹ። እኛ ባቡሩ ከሚቀሰቅሳቸው ነበርን። አባቴ አቶ ተሰማ ሸሚንደፈር ነበር የሚሠሩት። መሐንዲስ እንዳይመስሏችሁ፤ ሐዲድ የሚጠግኑ፣ ብሎን የሚያጠብቁ፣ ጎርፍ የበላውን በድንጋይ የሚሞሉ ሠራተኛ ነበሩ። ከፈረንሳይ አለቆቻቸው ጋር ለሥራ የምትበቃ ፈረንሳይኛ ይናገራሉ፤ በእሷም ትንሽ ይኮራሉ።

የከድር አባት ጋሽ ነስሩ ከስልጤ መጥተው ጣቢያው ፊት ለፊት ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። ላምባው፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ክሩ፣ ሁሉም እሳቸው ጋ ነው። ከድር ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ይቆማል። ስኳሩን ከጆንያው በጣሳ ይዝቅና ወረቀት ላይ አፍስሶ፣ በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ «ኪሎ ነው» ይላል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎ ነው። እኔ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፣ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ቢሳሳት ምናለበት እያልኩ ባንኮኒው ጋ ቆሜ አየው ነበር።

አድገን ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲ ገባን፤ ሁለታችንም የመሬት ሳይንስ መረጥን። መጀመሪያ የመረጠው እሱ ነው። እኔ ለምን ተከተልኩት? ያኔ ቢጠይቁኝ ስለ ማዕድንና ስለ አገር ልማት አንድ ሰዓት ማውራት እችል ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ኢግኒየስና ሜታሞርፊክ ድንጋዮች እንዴት እንደሚፈጠሩ ያስተማረን ሚስተር ራኦ የሚባል ህንዳዊ ነበር። አጭር፣ ከረባቱን የማይፈታ፣ ቀኑን ሙሉ ቅርንፉድ የሚያኝክ ሰው። ሲያስተምር የፖሊስ ምርመራ ይመስላል። አንድ ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና «የት ተወለደ? ምን ያህል ሞቀው? ማን ተጫነው?» እያለ እኛን ያፋጥጠናል። ኢግኒየስ የሚባለው ከቀለጠ ነገር ቀዝቅዞ የሚወለደው ነው። ከመሬት በታች ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ፍሬው ይተልቃል፤ ላይ ፈስሶ ቶሎ ከቀዘቀዘ ፍሬው ለዓይን አይታይም። የአቃቂ ጥቁር ድንጋይ፣ የቤታችን መሠረትና የጎረቤቱ አጥር ሁሉ ሳይቀር፣ ይሄኛው ነው። ሜታሞርፊክ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ድሮ ሌላ ድንጋይ የነበረ ነው፤ መሬት ውስጥ ጠልቆ ሙቀትና ጭነት ሲበዛበት፣ ሳይቀልጥ እንዳለ ይለወጣል። ውስጡ ያለው ፍሬ እየዞረ በመስመር በመስመር ይሰለፋል። እንዲህ ያለ ድንጋይ በአዲስ አበባ ዙሪያ የለም። ለማየት ሐረርጌ ወይ ወለጋ ወይ ሲዳሞ መውረድ ያስፈልጋል።

ቅናትም እንደዚሁ ሰውን ሳያቀልጥ ይለውጣል ብዬ ነገሬን ላሳምር እችል ነበር። አላደርገውም። ድንጋይ ምንም አላጠፋም።

አንድ ቀን ሚስተር ራኦ የከድርን ዓይን በመሐረብ አስሮ አሥራ ሁለት ድንጋይ በየተራ እጁ ላይ አኖረለት። አሥራ አንዱን በስም በስማቸው ጠራቸው። አሥራ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ቆየና «ይሄ ሁለት ድንጋይ ነው» አለ። እውነትም መሃሉ ላይ ሌላ ድንጋይ ስንጥቁን ተከትሎ የገባበት ነበር። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። አስተውላችሁ እንደሆነ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያጨበጭበው የቀናው ሰው ነው። እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤ የምደርስበትን እሱ ዳስሶ ያገኘዋል፤ ከዚያ ደግሞ ዞር ብሎ በትዕግሥት ያስረዳኛል። ያ ማስረዳቱ ነበር ከሁሉ የሚያቃጥለኝ።

ግንቦት እንደገባ ሚስተር ራኦ ወሬውን አመጣ። ክረምቱን ሐረርጌ ሄዶ ሜታሞርፊክ ድንጋዮችን ሊያጠና ነው። አንድ ተማሪ ይወስዳል፤ አንድ ብቻ። ከእሱ ጋር የሄደ በሚቀጥለው ዓመት ረዳቱ እንደሚሆን፣ ረዳቱ የሆነ ደግሞ የውጭ አገር ትምህርት እንደማይርቀው ሁላችንም እናውቃለን። መምረጫው ቀላል ነው አለ። እያንዳንዳችን ካደግንበት አካባቢ አሥር ድንጋይ እንሰበስባለን፤ እያንዳንዱ ከየት እንደተነሳ በካርታ እናሳያለን፤ እንዴት እንደተፈጠረ ክፍል ፊት ቆመን እንናገራለን። ከክፍሉ የአቃቂ ልጆች ሁለት ነን፤ እኔና ከድር። አንድ ወንዝ፣ አንድ ኮረብታ፣ አንድ ሐዲድ ልንካፈል ነው።

ያንን ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንወጣ ነበር። የበልጉ ዝናብ አልፎ የኮዬ ማሳ ዋልካው ጫማ ላይ እየተጣበቀ፣ እግራችንን የዝሆን አሳክሎት እንመለሳለን። የከድር እናት ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋር አቅርበው ይጠብቁናል። ሥጋ ያልሆነ ነገር የሚያቀርቡት እኔ ክርስቲያን ልጅ እንዳልቸገር ብለው ነው፤ አንድም ቀን ግን ለዚህ ነው ብለው አያውቁም። ወቅቱ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ስለነበር ረቡዕም አርብም አይቡ ይበላል። የዚያን ቆጮ ጣዕም ዛሬም አስታውሳለሁ። እየበላሁም እቀና እንደነበር አስታውሳለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አርብ እኔ ካርታዬን ቤት ስሠራ ከድር ብቻውን ወጣ። ማምሻውን ቤታችን ድረስ እየሮጠ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል።

«ግርማ፣ እጅህን ዘርጋ» አለኝ።

ዘረጋሁ። ነጭና ጥቁር መስመር ያለበት ድንጋይ አስቀመጠልኝ። ናይስ የሚባለው ሜታሞርፊክ ድንጋይ ነው፤ በመጽሐፍና በመማሪያ ክፍል ሣጥን ውስጥ እንጂ በአካባቢያችን ታይቶ አይታወቅም።

«የት አገኘኸው?»

«ድልድዩ ሥር። ብዙ ነው ደግሞ። ወንዙ አመጣው እንዳልል ከወንዙ በላይ ያለው ሁሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጠርዙን እየው፤ አልዶለዶመም። ከሩቅ የመጣ ድንጋይ እየተንከባለለ ጠርዙ ይበላል። ይሄ ሩቅ አልተጓዘም። የቀለጠው ድንጋይ ሲፈነዳ ከሥር ቦጭቆ ያወጣው ነው የሚሆነው። ገባህ? ከአቃቂ በታች ምን እንዳለ እያየን ነው።»

ገባኝ። እንደዚያ አድርጎ ማሰብ የሚችል ሰው ከክፍላችን እሱ ብቻ ነበር። ሐረርጌ በእጁ ገባች ብዬ አሰብኩ። «ግሩም ነው» አልኩት። ከድንጋዩ ሰበር አድርጎ አንድ ፍንካች ሰጠኝ። ለማስታወሻ ያዘው አለኝ።

እሁድ ምሳ ላይ ያችን ፍንካች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አኩርፌ ተቀምጫለሁ። አባቴ ጎርሰው እያላመጡ አነሷትና ወደ መስኮቱ አዙረው አዩዋት።

«ይሄ የእኛ ድንጋይ አይደለም እንዴ? የድልድዩ?»

«የእናንተ?» አልኩ።

«ካቻምና ክረምት ጎርፉ የድልድዩን እግር ሲበላው ከድሬዳዋ ወዲያ በፉርጎ ያመጣነው ነዋ። ሁለት ፉርጎ ሙሉ። በዚህ በእጄ ነው ያራገፍኩት፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነበር፣ ይኸው» ብለው አውራ ጣታቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ አሳዩኝ። «እዚህ ድንጋይ ሞልቶ ለምን ከዚያ እንደሚያመጡ እኛም ገርሞን ነበር።»

ከድር ሁሉን አስቦ አንድ ነገር ረስቷል። ባቡር ላይ ተቀምጦ የመጣ ድንጋይ አይንከባለልም፤ ጠርዙም አይዶለዱምም። ይህን መርሳቱ አይፈረድበትም፤ የሱቅ ልጅ ነው። የባቡር ልጅ እኔ ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የሄድኩት ልነግረው ነው፤ ይህችን እመኑኝ። ስደርስ ጋሽ ነስሩ ድንጋዩን ከሚዛኑ አጠገብ አስቀምጠው ላምባ ሊገዛ ለመጣው ሁሉ «ልጄ ከመሬት ሆድ ያወጣው ነው» እያሉ ያሳያሉ። ለዓመታት ልጃቸው ትምህርቱን ትቶ ንግዱን እንዲይዝ ሲጨቀጭቁት የኖሩ ሰው ናቸው። ከድር አባቱን እያየ ያፍራል፤ ግን ፊቱ ያበራል።

አፌን ልከፍት ስል እሱ ቀደመኝ። «አንተስ ስንት ደረስክ?»

«ዘጠኝ። ሁሉም ያው ጥቁር ድንጋይና ገረጋንቲ ነው» አልኩ።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካስፈለገህ ከኔ ሁለቱን ውሰድ። ጥሩ ጥሩዎቹን ምረጥ። እኔ ይሄ ካለኝ ሌላው ባይኖርም ይበቃኛል።»

ተሳድቦ ቢሆን ኖሮ እነግረው ነበር። ጉራ ቢነዛብኝም እነግረው ነበር። አዘነልኝ እንጂ።

«አይ፣ የኔ ይበቃኛል» አልኩት። «ይሄንን ግን ሳትፈራ አቅርበው።»

እስከ ሐሙስ አራት ቀን ነበረኝ። በአውቶቡስ አብረን ሄድን፣ አብረን ምሳ በላን፣ በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ አንድ ክፍል ተኛን። በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ሐሙስ ክፍሉ ፊት ቆሞ አቀረበ። ይዋረዳል ብዬ የጠበቅኩት እኔ፣ ሚስተር ራኦ ከወንበሩ ተነስቶ ቅርንፉዱን ማኘክ ሲያቆም አየሁ። ድንጋዩን በማጉያ መነጽሩ አገላብጦ ካየ በኋላ «ይህ እውነት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው» አለ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እንግዲህ ቅናት እንዲህ ነው የሚቀጣው፤ በገዛ ዝምታዬ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። በዚያን ሰዓት ያንን ሁሉ ክብር ከእጁ ነጥቄ መሬት ላይ መጣል አማረኝ።

ሚስተር ራኦ ቦታውን በዓይኔ ላየው ይገባል ብሎ ቅዳሜ ጠዋት እኔንና ከድርን በላንድሮቨሩ ይዞ አቃቂ መጣ። ድልድዩ ሥር ወረድን። ድንጋዮቹ ከድልድዩ እግር አጠገብ ተከምረዋል፤ ሣርና ጭቃ ግማሹን ሸፍኖታል። ሚስተር ራኦ ክምሩን ዞር ዞር እያለ አየና ፊቱ ላይ አንድ ጥርጣሬ መጣ። ከላይ ሐዲዱ ላይ መዶሻ ይሰማል።

«እነዚያ ሠራተኞች እነማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

መዋሸት ይቻል ነበር? ከድር ያውቃቸዋል። «አንደኛው አባቴ ናቸው» አልኩ።

«ጥራልኝ።»

አባቴ ከሐዲዱ ቁልቁል እየተንሸራተቱ ወረዱ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁና ሚስተር ራኦን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። በመጀመሪያ በፈረንሳይኛ ሞከሩት። እሱ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ድንጋዩን እጁ ላይ አዩና ሳቅ አሉ።

«አሁንም በዚህ ድንጋይ ናችሁ እንዴ? ይሄማ ካቻምና ጎርፍ ድልድዩን ሲበላው ከድሬዳዋ ወዲያ በፉርጎ አምጥተን እዚህ ያራገፍነው ነው። ለልጄ እኮ ነግሬዋለሁ፤ አልነገራችሁም?»

«ምን አሉ?» አለኝ ሚስተር ራኦ።

በእንግሊዝኛ አስተረጎምኩ። ጎርፉን ነገርኩት፣ ፉርጎውን ነገርኩት፣ ድሬዳዋን ነገርኩት። እዚያ ላይ አቆምኩ። «ለልጄ እኮ ነግሬዋለሁ» የምትለዋ በአማርኛ እንደሆነች ቀረች። ሚስተር ራኦ አማርኛ አያውቅም፤ አባቴ እንግሊዝኛ አያውቁም። ሁለቱንም የሚያውቅ ሌላ አንድ ሰው አጠገባችን ቆሟል።

ከድር አየኝ። አልተቆጣም። ድንጋይ እጁ ላይ ሲቀመጥለት እንደሚያደርገው መዘነኝ። አባቴ የእሱን ፊት አዩ፤ ከዚያ የእኔን አዩ። ሳቃቸው ጠፋ። ባርኔጣቸውን መልሰው አድርገው «በሉ ልጆች፣ ሥራ አለኝ» ብለው ወደ ሐዲዱ ወጡ።

ሚስተር ራኦ አልተናደደም። ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ድንጋዩን በደንብ ጠየቅከው፤ የቦታውን ሰው ግን አልጠየቅህም» አለው ከድርን። ከድር ደብተሩን አወጣና አሥረኛ ብሎ የጻፈውን በእርሳስ ሰረዘ። ሚስተር ራኦ ወደ እኔ ዞሮ ለትርጉሙ አመሰገነኝ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ስሜ ተለጠፈ። የሁለታችሁ ሥራ እኩል ነው፤ የእሱ ላይ ግን አንድ ስህተት ተገኝቷል አለኝ ሚስተር ራኦ። ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ከድር አንድ ቃል ቢተነፍስ አልቆልኝ ነበር። አልተነፈሰም። ለእኔም «መቼ ነው የነገሩህ?» ብሎ አልጠየቀኝም። እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለህ። እዚያ ወንድሙን ካገኘኸው አንድ አምጣልኝ» አለኝ፤ ድንጋዩን ማለቱ ነው። ታምኑኛላችሁ? ዝምታውን ራሱን ቀናሁበት። እንደዚያ ዝም ማለት እኔ አልችልበትም ነበር።

አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይ የሚል ቃል አላነሱም። ለመንገዴ በሶ አስፈጭተው፣ ጫማዬን ራሳቸው ቀብተው ሰጡኝ። ከፊቴ ግን ዓይናቸውን ያሸሻሉ። ደክሟቸው ነው አልኩ።

ሰኔ ላይ ከለገሃር ተሳፈርን። ባቡሩ ቃሊቲን አልፎ አቃቂ ሲቃረብ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ መሐረቤን አዘጋጀሁ። ያደግሁበት ሰፈር አሸናፊ ሆኜ ሳልፍ እንዲያየኝ ነው። ሠራተኞቹ ባቡሩን ለማሳለፍ ከሐዲዱ ወርደው ተሰልፈዋል። አባቴ ዳር ላይ ቆመዋል፤ አጠገባቸው ከድር። የአባቴ እጅ ከድር ትከሻ ላይ ነው።

አባቴ ሰው የሚያቅፉ ሰው አልነበሩም። እኔን ሲያቅፉኝ አላስታውስም። መሐረቤን አውለበለብኩ፤ ሁለቱም እጃቸውን አነሱልኝ፤ የአባቴ ግን ግራ እጅ ነበር የተነሳው፤ ቀኙ ከዚያ ትከሻ ላይ አልወረደም። ሐረርጌን አግኝቼ፣ ሚስተር ራኦን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ፣ እስከ ሞጆ ድረስ በቅናት ተቃጠልኩ። ለመሆኑ የተመረጠው እኔ ነኝ ወይስ እሱ እያልኩ።

እዚያ የወንድሙን አገር አገኘሁት። ሙቀቱ ራስ የሚያዞር ነው፤ ጠዋት በፓፓያና በሻይ ተነስተን ገደል ለገደል እንውላለን። መስመር የተጋደመበት ድንጋይ ተራራውን ሙሉ ሆኖ ቆሟል። ሚስተር ራኦ ስለ ሙቀቱና ስለ ጭነቱ ሲያስረዳኝ እኔ የማስበው ከድር እዚህ ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ ምን ይል ነበር እያልኩ ነው። አንድ ቆርጬ ያዝኩ፤ ይሄንን የበሩን ድንጋይ። ለመስከረም ስንመለስ ከድር «አገኘኸው?» አለኝ። «አላገኘሁም» አልኩት። ድንጋዩን ከሰጠሁት ሌላውንም ነገር መስጠት ሊኖርብኝ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጉልበት አልነበረኝም።

ረዳትም ሆንኩ፤ የውጭ አገሩ ግን ዘመኑ ተገልብጦ ሳይሆን ቀረ። ዕድሜዬን መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጨረስኩ። እሱ ምድርን እየዳበሰ ውሃ ሲያወጣ ኖረ። በሠርግና በለቅሶ እንገናኛለን፤ ስለ ልጆችና ስለ ደም ግፊት አውርተን እንለያያለን።

እና እንዳልኳችሁ ባለፈው ወር ድንጋዩን አንስቶ መዘነው። ዓይኑን ገለጠ።

«ወንድሙ ነው» አለ።

«ነው» አልኩ። «አላገኘሁም ያልኩህ ውሸቴን ነው።» ወዲያ በኩል ለቀስተኛው ካርታ ይጫወታል፤ ማንም አይሰማንም። ካልተናገርኩ ዛሬም ነገ ማለቴ እንደሆነ ገባኝ። «አባቴ የነገሩኝ ደግሞ እሁድ ነበር፣ ከድር። አንተ ከማቅረብህ አራት ቀን በፊት።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት?»

«ያን ቅዳሜ አባትህ ከሥራ እንደወጡ በቀጥታ ሱቅ መጡ። አባቴ ወንበር ቢያቀርቡላቸው አልቀመጥም አሉ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ‘ልጄ በድሎሃል፤ እሁድ ነው የነገርኩት። ለመምህሩ ተናገር፤ እኔም መጥቼ እመሰክራለሁ። የሱን ቋንቋ አላውቅም፤ አንተ ታስተረጉምልኛለህ’ አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«እንዴት አድርጌ ላስተርጉመው?» አለኝ።

ያ ትከሻ ላይ የነበረው እጅ ያኔ ገባኝ። «ድንጋዩን ውሰደው፤ ያንተ ነው» አልኩት። ከድር ግን ጎንበስ ብሎ ቦታው መለሰው።

«ተወው፤ ሰው እየገባ ነው። በሩ ይዘጋል።»

ከዘራውን ይዞ ደረጃውን ሲወርድ ከላይ ሆኜ አየሁት። ዛሬም እቀናበታለሁ፤ አልደብቅም። አሁን የምቀናው በእጁም፣ ባወጣው ውሃም አይደለም። አባቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት አንድ ገበታ ላይ ቀርበን ስንበላ ለእኔ ያልተናገሩትን፣ አንድ ጊዜ ቆመው ለእሱ ተናገሩት። በምን ድምፅ እንደተናገሩት የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው እሱ ብቻ ነው። ቤቱ ሳሪስ አቦ ነው፤ ሩቅ አይደለም። የእህቴ አርባ እንዳለፈ እሄዳለሁ። አጠገቡ ተቀምጬ አባቴ ያሉትን እንደገና እንዲነግረኝ እለምነዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ አንዲትም ቃል ሳያስቀር።